የጅዳው ታወር 7 ዓመት ቆሞ ቀጥሏል፤ የኮምቦልቻው ጂ ፕላስ 2ስ?

ጥያቄው ጅዳ ከሚኖር ወንድም ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ኢንጂነር። ጅዳ ሹፌር ነኝ፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ወደ አብሑር በኩል በሄድኩ ቁጥር ያንን ረጅም ሕንጻ አየዋለሁ። ስመጣ እየተሠራ ነበር። ከዚያ ቆመ፣ ለዓመታት ክሬኑ እንኳ አልተነቃነቀም። አሁን ደግሞ በ4 ቀን አንድ ፎቅ እንጨምራለን ይላሉ። 7 ዓመት ሙሉ ፀሐይና የባሕር ጨው የበላው ነገር ላይ ያን ሁሉ ፎቅ መጫን አደጋ የለውም ወይ? የምጠይቀው ያለምክንያት አይደለም። ኮምቦልቻ ጂ ፕላስ 2 ጀምሬ ሁለተኛው ሶሌታ ላይ ብር አልቆብኝ ቆሟል። 6 ዓመት ሆነው። ፌሮው ቀይ ሆኗል። አንድ ፎርማን አይቶት ‹ይሄማ ፈርሶ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው› አለኝ። እነሱ ከቀጠሉ እኔ ለምን አፈርሳለሁ?»

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ፎርማንህን አላውቀውምና አልፈርድበትም። ግን ሳይመታ፣ ሳይፍቅ፣ ሳይለካ «ይፍረስ» ካለህ ቸኩሏል። «ምንም አይልም፣ ቀጥል» ቢልህም ቸኩሏል እልህ ነበር። ሕንጻ ስለቆመ ብቻ አይሞትም። ከመቆሙ በፊት እንዴት ተሠራ፣ ሲቆም ምን ተደርጎለት ቆመ የሚለው ነው ዕድሉን የሚወስነው።

ያንተን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የጅዳው ግን ደህና ማስተማሪያ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሕንጻው መጀመሪያ ኪንግደም ታወር ነበር የሚባለው፣ ኋላ ነው ጅዳ ታወር የሆነው። የነደፈው አሜሪካዊው አርክቴክት ኤድሪያን ስሚዝ ነው። የዱባዩ ቡርጅ ካሊፋም የሱ ንድፍ ነው፣ ስለዚህ ሰውየው አሁን የሚፎካከረው ከራሱ ጋር ነው። ቡርጅ ካሊፋ 828 ሜትር ነው። ጅዳ ታወር ከ1000 ሜትር በላይ ይሆናል ተብሏል። ቁርጡን ቁመት ግን አይናገሩም። ቡርጅ ካሊፋ ሲሠራም እንዲሁ ተደብቆ ነበር። መጠኑ እንዲገባህ፣ አዲስ አበባ ላይ አንገታችንን ቀና አድርገን የምናየው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። አራት እሱን ብትደራርብ ቡርጅ ካሊፋን በጥቂት ሜትር ታልፈዋለህ። ጅዳ ታወር ላይ ለመድረስ አምስተኛውን መጨመር አለብህ።

ሥራው በ2013 ተጀመረ። አንተ ያላየኸው ትልቁ ሥራ ያን ጊዜ ነው የተሠራው። 270 ፓይሎች (መሬት ተቆፍሮ የሚሞሉ የአርማታ ምሰሶዎች) ተተከሉ፣ ስፋታቸው 1.5 እና 1.8 ሜትር፣ ጥልቀታቸው እስከ 105 ሜትር። የንግድ ባንክን ሕንጻ ግማሽ ቁመት መሬት ውስጥ ቀበሩት በለው። የጅዳ መሬት ከላይ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት፣ ለእንዲህ ያለ ጭነት የማይታመን። በፓይሎቹ አናት ላይ 5 ሜትር ገደማ የሚወፍር የአርማታ ምንጣፍ ተሞላ። ሕንጻው በሙሉ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ዓመት መንገደኛ «ምንም አልሠሩም» የሚለው፣ ብሩ ግን መሬት ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ተጀመረ። 60ዎቹን ፎቆች እንደያዘ በ2018 መጀመሪያ ቀጥ አለ። ምን ሆነ? የሥራው ባለቤት የልዑል አልወሊድ ቢን ጠላል ኪንግደም ሆልዲንግ ያለበት ኩባንያ ነው። ተቋራጩ የሳዑዲ ቢንላደን ግሩፕ ነው። በ2017 መጨረሻ ሪያድ ውስጥ በጸረ ሙስና ዘመቻ ባለሀብቶች ተይዘው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ሲቆዩ ልዑሉ ነበሩበት፣ የቢንላደን ግሩፑም ሊቀመንበር ነበሩበት። ባለቤቱም ተቋራጩም በአንድ ሰሞን ሲያዙ የሚሆነውን መገመት አያቅትህም። ቀጥሎ ኮሮና መጣ።

ይህን የምነግርህ ወሬ ለማሳመር አይደለም። ሕንጻ በሁለት ምክንያት ነው የሚቆመው። አንዱ ገንዘብ ወይም ሰው ሲጠፋ ነው። ሌላው ሕንጻው ራሱ ሲያስፈራ ነው፤ ስንጥቅ ሲታይ፣ መሬቱ ሲሰጥም፣ ኮለን ሲጣመም። የሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ቶሎ አይቀጠልም፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይቀጠልም። የጅዳው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ያንተም እንደዚያው፣ «ብር አልቆብኝ» ብለሃል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ብቸኛም አይደላችሁም። ሰሜን ኮሪያ ፒዮንግያንግ ውስጥ ሪዩግዮንግ የሚባል ባለ 105 ፎቅ ሆቴል አለ፣ 330 ሜትር። በ1987 ተጀምሮ በ1992 ቆመ። 16 ዓመት መስኮት የሌለው የአርማታ ተራራ ሆኖ ከተማው መሃል ተገትሮ ኖረ። በ2008 የግብጹ ኦራስኮም ገብቶ መስተዋት አለበሰው። እንግዳ መቀበሉን እንጃ፣ ግን አልወደቀም። ቻይና ቲያንጂን ውስጥም 597 ሜትር የሚሆን ሕንጻ በ2015 ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ለዓመታት ቆሞ ሥራው በ2025 ተመልሶለታል።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጥያቄህ። 7 ዓመት ኮንክሪት ላይ ምን ያደርጋል?

ኮንክሪቱ ላይ ብዙ ክፉ ነገር አያደርግም። ኮንክሪት እንደ ዳቦ አይሻግትም። ሰው ሁሉ «28 ቀን» የሚለው ለፈተና የተቀጠረ ቀን ስለሆነ ነው፤ ጥንካሬው በዚያ ቀን አያበቃም። ሲሚንቶው እርጥበት እስካገኘ ድረስ ለዓመታት ቀስ እያለ መጠንከሩን ይቀጥላል። በደንብ የተሞላ የ7 ዓመት ኮንክሪት ከ28 ቀኑ ይልቅ ጠንካራ ነው።

ችግሩ ብረቱ ጋ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ በደህናው ጊዜ አይዝግም። ኮንክሪት ውስጡ አልካላይን ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ በለው፤ መለኪያው ፒኤች 13 ገደማ ነው። በዚህ ውስጥ ብረቱ ለዓይን የማትታይ ስስ መከላከያ ሽፋን ያበጃል። ይቺን ሽፋን የሚያጠፏት ሁለት ናቸው። አንዱ አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከኮንክሪቱ ገጽ እየጀመረ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባና ፒኤቹን ከ9 በታች ያወርደዋል። ሁለተኛው ጨው ነው። ጨው ፒኤቹን አይነካም፣ ሽፋኗን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳታል። ከውጭ ሳይታወቅ ብረቱን እንደ ነቀዝ ይቦረቡረዋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አሮጌ በረንዳ ሥር ፌሮው ተጋልጦ ኮንክሪቱ ረግፎ ያየኸው በዚህ ነው።

ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች ሁሉ ጨዋማ ከሚባሉት አንዱ ነው። የጅዳን ሙቀትና ወበቅ ደግሞ አንተ ነህ የምታውቀው። ስለዚህ ስጋትህ ልክ ነው። ግን እንዲህ ያለ ሕንጻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጨውን አስቦ ነው የሚነደፈው። ኮንክሪቱ ጨው በቀላሉ የማያሳልፍ ሆኖ ይበጠበጣል። ብረቱን የሚሸፍነው የኮንክሪት ውፍረትም በሚሊሜትር ይቆጠራል። ቡርጅ ካሊፋ ላይማ ከዚህም አልፈው ከመሠረቱ ሥር የቲታኒየም መረብ አንጥፈዋል። በሱ በኩል ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል እየላኩ ብረቱ እንዳይዝግ ያባብሉታል።

ሥራው ሲቀጠል መሐንዲሶች የሚያደርጉትን አንድ ምርመራ ልንገርህ። ርካሽም ናት፣ ደስም ትላለች። ከኮንክሪቱ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይፈነቅላሉ። አቧራውን እፍ ብለው አዲሱ ስብራት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ነፋ ያደርጋሉ። ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ጤነኛው ኮንክሪት ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል፣ የሠርግ ቤት መጋረጃ የመሰለ ሮዝ። አየሩ የበላው ክፍል ደግሞ ቀለሙን ሳይለውጥ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በማስመሪያ ትለካዋለህ። ግራጫው 8 ሚሊሜትር ከሆነና ፌሮው 30 ሚሊሜትር ውስጥ ካለ፣ ተኝተህ እደር። ግራጫው ፌሮው ጋ ከደረሰ ሌላ ወሬ ነው። ለጨው ደግሞ የኮንክሪቱ ዱቄት በጥልቀት በጥልቀት እየተቦረቦረ ላብራቶሪ ይሄዳል።

ቀጥሎ ማንም መንገደኛ የማያስበው ነገር አለ። ኮንክሪት ጭነት ሲሸከም ቀስ እያለ ያጥራል። ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፣ ሸክሙ ደግሞ ለዓመታት ይጨምቀዋል። ባለ 3 ፎቅ ቤት ላይ ይሄ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ኪሎ ሜትር በሚረዝም ሕንጻ ላይ ግን ድምሩ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ንድፉ ውስጥ ተሰልቶ ነው የሚገባው። እንግዲህ አስብ፣ ታችኞቹ 63 ፎቆች 7 ዓመት ሙሉ ሲኮማተሩ ቆይተው አብዛኛውን ጨርሰዋል። ከላያቸው የሚመጡት ገና አራስ ናቸው። መጀመሪያ የተሠራው ስሌት «ሳናቋርጥ እንወጣለን» ብሎ ነው የተሠራው። ሲቆም ያ ስሌት ፈረሰ ማለት ነው፣ እንደ አዲስ ይሰላል። ካልተሰላ ሊፍቱ የሚሄድበት ሐዲድ፣ ቧንቧው፣ መስተዋቱ አይገጥምም። በኔ እይታ ከዝገቱ ይልቅ ራስ የሚያዞረው ይሄ ነው።

ኮንክሪት ከኮንክሪት የሚገናኝበት ቦታም አለ። በ63ኛው እና በ64ኛው መካከል የ7 ዓመት ልዩነት አለ። አሮጌው ገጽ ተፈልፍሎ ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ ይሸካከራል፣ አቧራው በአየር ይነፋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው አዲሱ የሚሞላው። ቀጥ ብሎ የቀረው ፌሮም ይፈተሻል። ክሬኑና ሊፍቱም እንዲሁ። ለ7 ዓመት ፀሐይ ላይ በተንጠለጠለ ክሬን ዕቃ የሚያነሣ ጤነኛ ሰው የለም፤ ይፈተሻል፣ አብዛኛው ይለወጣል።

በ2024 አዲስ ውል ተፈረመ፣ ከዚያው ከቢንላደን ግሩፕ ጋር፣ 7.2 ቢሊዮን ሪያል፣ በ42 ወር ለማስረከብ። ጃንዩዋሪ 20 ቀን 2025 ላይ 64ኛው ፎቅ ላይ ኮንክሪት ተሞልቶ ሥራው በይፋ ቀጠለ።

አሁን ወደ 4 ቀኑ። እውነት ነው ወይ? ይቻላል። ቡርጅ ካሊፋ ላይ በጥሩ ሰሞን በ3 ቀን አንድ ፎቅ ወጥተዋል። ምስጢሩ ፎርምወርኩ ላይ ነው። እኛ ጋ ፎርምወርክ ማለት ጣውላና አጣና ነው፤ ተሞልቶ፣ ደርቆ፣ ተነቃቅሎ፣ በሰው ትከሻ ወደ ላይ ይወጣል። እነሱ ጋ ፎርምወርኩ የብረት ነው፣ በሃይድሮሊክ ራሱን በራሱ ግድግዳው ላይ እየገፋ ይወጣል። ፌራዮዎቹ ፌሮውን መሬት ላይ እንደ ቅርጫት አስረው ይጨርሱትና ክሬን አንሥቶ ያስቀምጠዋል። ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲጠነክር ሆኖ ይበጠበጣል፣ በፓምፕ ይገፋል። ቡርጅ ካሊፋ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ገፍተውታል። በበጋ ሌሊት ሌሊት ነበር የሚሞሉት፣ በረዶ እየጨመሩበት፣ ሙቀቱ መንገድ ላይ እንዳያደርቀው። ጅዳ ታወር ደግሞ አወቃቀሩ ለዚህ ይመቻል። ሦስት ክንፍ ያለው፣ ጭነቱን በግድግዳ የሚሸከም ነው። ፎቁ ከታች እስከ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሲሆን ሠራተኛው እጁ ይለምዳል።

ግን ሒሳቡን ሥራው። የተነገረው የፎቅ ብዛት 157 ነው፣ የተሠራው 63 ነበር። 94 ይቀራል። በ4 ቀን ብታባዛው 376 ቀን ነው፣ ዓመት ከጥቂት ቀናት። ታዲያ ውሉ ለምን 42 ወር ሆነ? ቡርጅ ካሊፋንም ተመልከተው። 163 ፎቅ በ3 ቀን 489 ቀን ነው። ሕንጻው ግን በ2004 ተጀምሮ በ2010 መጀመሪያ ነው የተከፈተው፣ 6 ዓመት። «በ4 ቀን አንድ ፎቅ» ማለት ጥሩ ቀን ላይ ያለ ፍጥነት ነው። ነፋስ ሲነሣ ክሬን ይቆማል። በየመካከሉ የማሽን ፎቆች ይመጣሉ፣ ሥራቸው ከሌላው አይመሳሰልም። ከፍ በተባለ ቁጥር ሠራተኛውን ወደ ሥራው ማድረስ ራሱ ሰዓት ይበላል። ጠዋት ሺህ ሰው 300 ሜትር አውጥተህ፣ ለምሳ አውርደህ፣ መልሰህ አውጣ እስቲ።

የቀረውን ጊዜ ደግሞ የሚበላው መንገደኛ የማያየው ነገር ነው። መስተዋት፣ መብራት፣ ውሃ፣ እሳት መከላከያ፣ ሊፍት። የሊፍት ነገር ሲነሣ፣ የተለመደው የብረት ገመድ 500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ለጅዳው የፊንላንዱ ኮኔ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ቀላል ገመድ ነው ያዘጋጀው፣ በአንድ ጉዞ 660 ሜትር እንዲወጣ።

ከመኪና ሆነህ እድገቱን ማንበብ ከፈለግህ ጫፉን ብቻ አትይ። መጀመሪያ የሚወጣው የመሃሉ ግድግዳ ነው። ከሱ ጥቂት ፎቅ ዝቅ ብሎ ሶሌታው ይከተላል። ከዚያ ብዙ ዝቅ ብሎ መስተዋቱ ይመጣል። «ይህን ፎቅ ደረስን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው። እኔ የማየው መስተዋቱን ነው። ጫፉ እየሮጠ መስተዋቱ ቆሞ ከቀረ፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሆነ ቦታ ታንቋል። የኛው ንግድ ባንክም በ2015 ተጀምሮ የተመረቀው በ2022 ፌብሩዋሪ ነው። ከመንገድ ለሚያየው ግን ከዚያ በፊት ያለቀ ነበር የሚመስለው።

በቃ፣ ኮምቦልቻ እንግባ።

ያንተ ቤት የባሕር ጨው የለበትም። ይሄ ግማሽ ዕረፍት ነው። ክረምቱ ግን አለ። ጣሪያ የሌለው ሶሌታ 6 ክረምት ውሃ ሲጠጣ ከርሟል።

አንድ ነገር ላጫውትህ። አዲስ አበባ ውስጥ 8 ዓመት የቆመ ሕንጻ እይልኝ ተብዬ ሄድኩ። ባለቤቱ ይዞኝ የወጣው ወደ ላይ ነው፣ ፌሮው ጋ። «ይኸው በላው፣ ይኸው አለቀ» ይለኛል። ፌሮው ቀይ ነው። አንዱ ላይ ገመድ ታስሮ ልብስ ተሰጥቶበታል። የሽቦ ብሩሽ አምጥተን ፈተግነው፣ በሁለት ደቂቃ ብረቱ ነጭ ብሎ ወጣ። ላዩ ላይ የተነሰነሰ ዱቄት ነው እንጂ ሥጋው ሙሉ ነው። ከዚያ ምድር ቤት ወረድኩና ኮለኖቹን በመዶሻ እየዞርኩ ቆረቆርኩ። ጥሩ ኮለን ሲመታ ድምፁ ቀጭን ነው፣ መዶሻውን መልሶ ይወረውርልሃል። አንዱ ጋ ስደርስ ዱብ አለ፣ እንደ ከበሮ። ልስኑን ስንፍቀው ውስጡ የማር እንጀራ። ጠጠሩ ብቻውን ተደርድሮ ቆሟል፣ መሃሉ ባዶ ነው። ሲሞላ ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ማሽን) አልገባም፣ ወይም ፎርምወርኩ ሲሚንቶውን አፍስሶታል። ሰውየው እሱ ላይ ነበር ሌላ 4 ፎቅ ሊጭን ያሰበው። ያን ኮለን 8ቱ ዓመት አላበላሸውም። የተሞላ ቀን ነው የተበላሸው፣ በልስን ሸፍነውት ሄዱ።

ለዚህ ነው ፎርማንህ ፌሮው ላይ ማፍጠጡ ያላስደሰተኝ።

እና እንዲህ አድርግ። ፌሮው ላይ የሽቦ ብሩሽ ይያዝ። በብሩሽ የሚለቅ ዱቄት ከሆነ አያስጨንቅህም። በቅርፊት በቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ፣ ወይም ከተፈተገ በኋላ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ይለካ። በሚዛንም ይታወቃል። ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ አንድ ሜትሩ 1.58 ኪሎ ነው። ባለ 14 ከሆነ 1.21 ኪሎ፣ ባለ 12 ከሆነ 0.89 ኪሎ። ከጫፉ አንድ ሜትር አስቆርጠህ፣ አጽድተህ፣ የእህል ሚዛንም ቢሆን ትክክለኛ ከሆነ መዝን። በጥቂት ግራም ከቀነሰ ደህና ነው። ከአሥር እጅ አንዱ ከጎደለ ግን መሐንዲስ ሳይፈርምበት እንዳትነካው። ስታስቆርጥ ግን ለመቀጠያ የሚበቃ ርዝመት መቅረቱን አስለካ፣ ካልበቃ ተወው፣ ውፍረቱ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይለካ።

የታጠፈ ፌሮ ካለ ንገረኝ። ሰፈር ውስጥ የቆመ ሕንጻ ላይ ሰው መንገድ ዘጋብኝ ብሎ ያጥፈዋል፣ ሲቀጠል ደግሞ በቧንቧ ይዘው ቀጥ ያደርጉታል። ብረት ታጥፎ ሲቃና ውስጡ ይደክማል። እሱ ቀይ ከሆነው ይልቅ ያሳስበኛል።

ኮለኖቹን በሙሉ በመዶሻ ይምቱልህ፣ በተለይ ከሥርና ከቢሙ ሥር ያለውን። ሪባውንድ ሐመር የሚባል የጥንካሬ መለኪያ ያለው ላብራቶሪ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ፌኖልፍታሊኑንም እነሱ ያውቁታል። የተጠራጠሩበት ቦታ ካለ ኮር (ክብ የኮንክሪት ናሙና) ቆርጠው በማሽን ይጨቁኑት። ለዚህ ሁሉ የምታወጣው አፍርሰህ ከምታጣው ጋር አይወዳደርም።

የተበላ ፌሮ ቢገኝም መድኃኒት አለው። ኮለኑ ራስ ላይ ኮንክሪቱ ተፈልፍሎ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ይወረድና አዲሱ ፌሮ በቂ ርዝመት ተደርቦ ይቀጠላል። ወይም ኮንክሪቱ ተበስቶ በኤፖክሲ አዲስ ፌሮ ይተከላል። ሁለቱም የሚሠሩት በስሌት ነው፣ በግምት አይሆኑም። ደካማ ኮለን ከተገኘም ዙሪያውን ብረትና ኮንክሪት እየተለበሰ ይወፍራል። ማፍረስ የመጨረሻው ነው። ወረቀቱን ግን እንዳትረሳ፣ የግንባታ ፈቃዱ 6 ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። የወንድምህ ልጅም ቢሆን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይጠይቅልህ።

ምናልባት ዘንድሮ የምትቀጥልበት ብር የለህ ይሆናል። ያም ቢሆን ክረምት ሳይገባ ሁለት ነገር አሠራ። ፌሮው ይፈተግና ወፈር ያለ ቦያካ (በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ) ይቀባ፣ ከነሥሩ። ሶሌታው ላይ ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ካለ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያፈስ ሊሾ ይደረግበት። በጥቂት ከረጢት ሲሚንቶና በሁለት ሰው የሚያልቅ ሥራ ነው።

ኮምቦልቻ ያሉ ሰዎችህን አንድ ነገር ላኩልኝ በላቸው። ሁሉም ሰው ፎቶ ሲያነሣ የፌሮውን ጫፍ ነው የሚያነሣው፣ ቀዩ እዚያ ስለሚደምቅ። እኔ የምፈልገው ፌሮው ከኮንክሪቱ የሚወጣበትን ሥሩን ነው። ዝናብ ወርዶ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ብረቱም መጀመሪያ የሚቀጥነው እዚያ ነው። ከጎኑ አንድ ብር ሳንቲም አድርገው፣ ቀረብ ብለው፣ አራቱን የማዕዘን ኮለኖች ያንሱልኝ።